አይጧ ረስታ ነው ወይስ አላየችም?

ባለፈው ሰሞን በዚህ ዓምድ ላይ የአይጥን የማስታወስ ችሎታ በውሃ ገንዳ ስለመለካት ጥቂት ጽፌ ነበር። ጽሑፉ ጥቂት ነበር፤ የመጣው ደብዳቤ ግን ጥቂት አይደለም። የተቆጣ አለ፣ የሳቀ አለ፣ መድኃኒት የጠየቀም አለ። ላልደረሳችሁ በአጭሩ ልድገመው። ክብ ገንዳ ውሃ ይሞላል። ከውሃው አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ የማይታይ መቆሚያ ይቀመጣል። አይጧ ትለቀቃለች፣ ስትዋኝ ቆይታ መቆሚያውን ታገኛለች። በሚቀጥሉት ቀናት ቶሎ ቶሎ ካገኘችው ቦታውን ይዛዋለች ይባላል። በቃ፣ ወደ ጥያቄዎቹ።

ውሃው ውስጥ ወተት ይጨመራል ብለሃል። ለምን? ብክነት አይደለም?

መቆሚያው እንዳይታይ ነው። ዛሬ ብዙዎቹ የማይመርዝ ነጭ ቀለም ነው የሚጨምሩት፤ ወተት ውሎ ሲያድር ምን እንደሚሸት ታውቃላችሁ።

ይሄን ነገር ማን አመጣው? ደግሞስ ውሃ ለምን? ምግብ ደብቆ ማስፈለግ አይቻልም?

ያመጣው ሪቻርድ ሞሪስ ነው። ስኮትላንድ፣ ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጅ ናቸው)። ምግብ ደብቆ ማስፈለግ ይቻላል፤ ከእሱ በፊትም ይደረግ ነበር። ችግሩ አይጧን ማስራብ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ አፍንጫዋ እየመራ ያደርሳታል፤ ታስታውስ ወይም ታሽትት መለየት አይቻልም። ውሃ ውስጥ ግን የምትከተለው የሽታ ዱካ የለም። ለመውጣትም ቀስቃሽ አያስፈልጋትም።

በዓመቱ፣ በ1982፣ ሞሪስ ከጆን ኦኪፍና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር አንድ ነገር አሳየ። (ይሄ ኦኪፍ በ2014 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ነው።) ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል የተጎዳባቸው አይጦች በደንብ ይዋኛሉ፣ የተደበቀውን መቆሚያ ግን ቦታውን መያዝ ያቅታቸዋል። መቆሚያው ከውሃው በላይ ብቅ ብሎ ሲታያቸው ደግሞ ቀጥ ብለው ይሄዱበታል። ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ታች እመለስባታለሁ።

ሰምጠው አይሞቱም?

የሚጠብቅ ሰው አለ። ብዙ ጊዜ 60 ሰከንድ ሞልቶ ካላገኘችው በእጅ ተመርታ መቆሚያው ላይ ትወጣለች፤ ከዚያ ፎጣ።

«አንተን ገንዳ ውስጥ ቢጨምሩህስ?»

ጥያቄው በሦስት ቃለ አጋኖ ነው የመጣው። ቁጣዎ ይገባኛል። መጨነቃቸው እውነት ነው፤ ጭንቀት ደግሞ ራሱ ማስታወስን ስለሚያበላሽ ተመራማሪዎቹንም ያሳስባል። ስለዚህ ደረቅ አማራጭ አለ። ካሮል ባርንስ በ1979 ያስተዋወቀችው ዙሪያውን ቀዳዳ ያለው ክብ ጠረጴዛ ነው፤ ከቀዳዳዎቹ አንዱ ብቻ መደበቂያ አለው። በተለይ ለትንሿ አይጥ ይሄ ይሻላል። በአማርኛ ሁሉንም «አይጥ» እያልን ተቸገርን እንጂ ገንዳው በመጀመሪያ የተሠራው ለአይጠ መጎጥ ነው። አይጠ መጎጥ ዋና ይችልበታል። ትንሿ አይጥ ግን ቶሎ ትበርዳለች፣ አንዳንዴም መፈለጉን ትታ ዝም ብላ ትንሳፈፋለች። መንሳፈፏ መርሳት አይደለም።

ሁለቱም ቡድን አልተማረም፤ ምን ብዬ ልጻፍ?

ረዥም ደብዳቤ ነው፣ አሳጥሬዋለሁ። ጸሐፊዋ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ናት። ነጭ አይጦችን ለሁለት ከፍላ ለአንዱ ቡድን የተክል ጭማቂ ሰጠች፣ ለሌላው ውሃ ብቻ። አምስት ቀን ሙሉ ገንዳ አስገባቻቸው። ሁለቱም ቡድን ወፍ የለም። ግድግዳውን እየታከኩ ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፣ ሰዓቱ ያልቃል። አማካሪዋ «የማስታወስ ችግር አለባቸው ብለሽ ጻፊና ጨርሺ» ብለዋታል።

እንዳትጽፊ፣ እህቴ። ቢያንስ ገና ነው።

ጭማቂውን ያልቀመሱትም ካልተማሩ ነገሩ ከጭማቂው አይደለም። ገንዳው የማስታወስ ፈተና ከመሆኑ በፊት የዓይን ፈተና ነው። አይጧ ቦታውን የምትይዘው በበሩ፣ በመብራቱ፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀሉት ምልክቶች ነው። እነሱ ካልታዩዋት ምኑን ታስታውሰው?

ደግሞ ማየት የማይችሉ የቤተ ሙከራ አይጦች ብርቅ አይደሉም። ኤፍቪቢ እና ሲ3ኤች የሚባሉት ዘሮች ሲወለዱ ጀምሮ የዓይን ጉድለት ይዘው ይመጣሉ። ገና አንድ ወር ሲሆናቸው ብርሃን ተቀባይ ሕዋሶቻቸው በብዛት ሞተው አልቀዋል። ከስዊስ ዘር ከሚመዘዙት ነጭ አይጦችም መሀል ይሄው ጉድለት ያለባቸው አሉ። የሚያሳስተው ምን መሰለሽ? ስታያቸው ዓይናቸው ጤነኛ ነው። ሳጥናቸው ውስጥ በጺማቸው እየዳሰሱ ይሮጣሉ፣ ይበላሉ፣ ይጣላሉ። ማንም አይጠረጥርም፤ ገንዳው ውስጥ ሲገቡ ነው «ረሳች» የሚባሉት።

ጤነኛዋም ብትሆን ዓይኗ ደካማ ነው። እጅሽን ወደፊት ዘርጊና ትንሿን ጣትሽን ተመልከቺ። የጣትሽ ውፍረት የሚሸፍነው አንድ ዲግሪ ገደማ ነው። በዚያች ስፋት ውስጥ ጤነኛ የሰው ዓይን 30 ያህል ጥንድ ጥቁርና ነጭ መስመር ይለያል። ትንሿ አይጥ የምትለየው ግማሽ ጥንድ ነው። ስለዚህ ግድግዳው ላይ በለጠፍሽው ወረቀት ላይ ያለው ቀጭን መስመርና ደቃቅ ሥዕል ለእሷ የለም ማለት ነው።

ይሄ ቁጥር ከየት መጣ ካልሽ፣ እሱም ከውሃ ነው። በ2000 ካናዳ ውስጥ፣ ሌዝብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ ግሌን ፕሩስኪና ባልደረቦቹ በአንድ በኩል እየሰፋ የሚሄድ ገንዳ ሠሩ። በሰፊው በኩል ሁለት ስክሪን ጎን ለጎን አቆሙ፣ መሀላቸው መከለያ። አንዱ ስክሪን ላይ መስመር አለ፣ ሌላው ግራጫ ብቻ ነው። መቆሚያው ሁልጊዜ ከመስመሩ ሥር ተደብቋል። መስመሩ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ይመጣል፤ ስለዚህ ቦታ መሸምደድ አያዋጣም። አይጧ ከተማረች በኋላ መስመሩን እያቀጠኑ ይሄዳሉ። ትክክል የመምረጧ መጠን ከመቶ 70 በታች ሲወርድ ዓይኗ እዚያ ላይ አበቃ። እዚህ ላይ ማስታወስ መሣሪያ ነው፣ የሚለካው ማየት ነው። ያንቺ ገንዳ ደግሞ በግልባጩ ነው፤ ማየቱ ካልተረጋገጠ ማስታወሱን መለካት አይቻልም።

አሁን ያቺን ያዙልኝ ያልኳትን አምጪያት። መቆሚያውን ከውሃው በላይ አውጪው፣ ትንሽ ባንዲራ ትከዪበት፣ ቦታውን በየዙሩ ቀያይሪው። አይጧ ወደ ባንዲራው ካልሄደች ችግሩ ዓይን ነው፣ ወይ ጡንቻ፣ ወይ ፍላጎት። ማስታወስ ግን ገና አልተነካም። ቀጥ ብላ ከሄደች ያኔ ስለ ማስታወስ እናወራለን። ሰዓቷን ብቻ አትመኚ ደግሞ። አንዳንዷ ከግድግዳው ልክ በመቆሚያው ርቀት ላይ እየዞረች ትደርስበታለች፤ ሰዓቷ ያምራል፣ ቦታውን ግን አታውቅም። መጨረሻ ላይ መቆሚያውን አንሺና የት የት እንደምትፈልገው እዪ። የአይጦቹን ዘር የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪምም አማክሪ፤ ይሄን ለወጉ አይደለም የምልሽ።

ለምን እንዲህ እንደሞቀኝ ልንገራችሁ። ወንድሜ ሦስተኛ ክፍል ሁለት ጊዜ ወድቋል። ቁመቱ ረዥም ስለነበር የሚቀመጠው የመጨረሻው ዴስክ ላይ ነው። አስተማሪው እናቴን አስጠርቶ «ጭንቅላቱ አይዝም» አላት። እኛም ቤት ውስጥ ተቀበልነው። አንድ ቀን ፌርማታ ቆመን አውቶቡሱ አፍንጫችን ሥር ደርሶ «ስንት ቁጥር ነው?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። መነፅር ከተገዛለት በኋላ ያለን ነገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፦ «ሰሌዳው ለፊተኞቹ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እኛ ኋላ ያለነው የምንሰማ።»

«በአይጥ ላይ የተረጋገጠ» የሚል የማስታወስ ዱቄት አየሁ። ለማትሪክ ተፈታኝ ልጄ ልግዛ?

የአይጥ ምስክር ድንቢጥ። ገንዘብዎን ይያዙ፣ ልጁ ይተኛ። ለማንኛውም ፋርማሲስት ይጠይቁ።

እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሁለት ጊዜ መንገድ ጠፍቷት ጎረቤት አመጣት። እንደ አይጦቹ የሚለካ ነገር አለ?

አለ፤ ሰው በኮምፒውተር «የሚዋኝበት» ገንዳም ተሠርቷል። ለእናትዎ ግን እሱ አይደለም የሚያስፈልጋቸው። ሐኪም ነው፣ በዚህ ሳምንት። «እርጅና ነው» የሚልዎትን አይስሙ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድባቴ፣ የሚወስዱት መድኃኒትም ጭምር እንዲህ ሊያደርግ ይችላል፤ እነዚህ ደግሞ መላ አላቸው። የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። ዓይናቸውንና ጆሯቸውን ያስመርምሩ፤ የዓይን ሞራ ያለበት ሰውም ሲመሽ መንገድ ይጠፋዋል። ጸበልም እንሂድ ካሉ ይሂዱ፣ ሐኪሙ ግን አይቅር። ነገሩ በድንገት ከጀመራቸው፣ ወይም አፋቸው ከተጣመመ፣ ወይም ንግግራቸው ከተኮላተፈ አንድ ሰዓት አይጠብቁ፤ ድንገተኛ ክፍል ይዘው ይሩጡ። ምን እንዳሏችሁ ጻፉልኝ።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ቤታችን አይጥ አለ፣ ትልቅ ሳፋም አለን። ለሳይንስ ትርዒት ልሥራው?

አይሆንም። የቤት አይጥ ይነክሳል፣ በሽታም ያስይዛል። ይልቅ ሜዳ ላይ ሳንቲም ቅበርና ጓደኛህን ከተለያየ ጥግ እያስነሳህ ሰዓት ያዝ፤ ፈተናው ያው ነው። ሳፋውን ለእናትህ መልስ።