«ዓይንዎን ኦፕራሲዮን ሆነው ያውቃሉ?»

ሰሞኑን አንዲት ወጣት የራዲዮሎጂ ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የምትማር ሐኪም) የሲቲ ስካን ምስል በስልኳ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። አንደኛው የዓይን ኳስ ውስጡ ነጭ ሆኗል። «ዶክተር፣ ይሄ ደም ነው አይደል?» ትላለች። በሁለት መስመር መለስኩላት። እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። ጥያቄዋ አንድ ሰው አስታወሰኝ።

ሬዚደንት ሳለሁ ሲቲ ክፍል አብሮን የሚያድር ራዲዮግራፈር፣ ምስሉን የሚያነሳ ባለሙያ፣ ነበር። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚውል፣ ወሬ የማይወድ ሰው። አንድ ሌሊት ወድቀው ጭንቅላታቸውን የተመቱ እናት መጡ። የመጠየቂያ ወረቀቱ ላይ «ወድቃ፣ ጭንቅላት» ብቻ ነው የተጻፈው። አንጎላቸው ደህና ነው። ቀኝ ዓይናቸው ግን ወለል ብሎ ነጭ። ከኋላ ብቻ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ጥቁር ጨረቃ ቀርታለች። ተረኛው ሐኪም «ዓይናቸው ውስጥ ደም ፈሷል» ብሎ ስልክ አነሳ። እኔ የንጣቱን ቁጥር እየለካሁ ነው። ከ100 ሀውንስፊልድ (የሲቲ መለኪያ ነው) በላይ ሆነብኝ። ትኩስ ደም አብዛኛውን ጊዜ ከ90 ብዙም አያልፍም።

ራዲዮግራፈሩ ምንም ሳይል ወደ ማሽኑ ክፍል ገባ። ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ ዓይንዎን ኦፕራሲዮን ሆነው ያውቃሉ?» አላቸው።

«አዎ ልጄ፣ ዘይት ጨምረውልኛል።»

ከዚያ በፊት ማን ጠይቋቸው! ሬቲናቸው፣ ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን፣ ተላቆ ነበር፤ ተመልሶ እንዲለጠፍ ሲሊኮን ዘይት ተሞልቶላቸዋል። አንገታቸው ደህና መሆኑ ታይቶ ስለነበር በሆዳቸው አስተኛቸውና ዓይናቸውን ብቻ ጥቂት የሲቲ ቁራጭ ምስል አነሳ። ጥቁሯ ጨረቃ ከኋላ ተነስታ ወደ ፊት ዞራለች፤ ነጩ ወደ ኋላ ሄዷል። ዘይቱ ከውሃ ስለሚቀል ሁልጊዜ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ያልረጋ ደም ቢሆን ወደ ታች ይዘቅጥ ነበር። ሐኪሙ ስልኩን አስቀመጠ።

ይህ ሰው የሚሥልበት ደብተር ነበረው። የገጠመውን ግራ የገባ ዓይን ሁሉ በእርሳስ ይሥላል። አንዴ ትከሻው ላይ ሆኜ አንድ ገጽ አየሁ፤ ክብ ዓይን፣ ግራና ቀኝ ሁለት ነጥብ፣ ወገቡ ትንሽ የተጨመቀ። የሬቲና መላቀቅ ሲታከም ከውጭ የሚታሰረው የሲሊኮን ቀበቶ ነው። ደብተሩን ተውሼ ልገለብጠው አስቤ ነበር። ነገ ዛሬ ስል ሥራ ቀየረ። ደብተሩ የት እንደገባ እንጃ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ከደብተሩ ባላየሁትም ከዕድሜዬ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጠንካራው የሲሊኮን ቀበቶ ሲቲ ላይ ነጭ ነው፤ ከሲሊኮን ስፖንጅ የተሠራው ግን እንደ አየር ጥቁር ነው። የማያውቀው ሰው «አየር አለ፣ ኢንፌክሽን ነው» ይላል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ የሃይድሮጄል ቀበቶ ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ ውሃ እየጠጣ ያብጣል። ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ዕጢ መስሎ ቁጭ ይላል። ሲያወጡትም ይፈረካከሳል። ለግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) የሚተከለው ቱቦ ሳህኑ ዙሪያ ፈሳሽ ያቋታል፤ ብዙውን ጊዜ ከላይ ከጆሮ በኩል። እሱም መግል ይመስላል። ዘይቱ ራሱ አልፎ አልፎ በዓይን ነርቭ በኩል አንጎል ውስጥ ይገባል። በጀርባው የተኛ ሰው ላይ ቬንትሪክሉ (የአንጎል የፈሳሽ ክፍል) ውስጥ ከፊት ተንሳፍፎ ታገኙታላችሁ፤ ደም ከኋላ ይተኛል።

ዓይን ውስጥ ስለሚተከል ሰው ሠራሽ ሌንስ አልነግራችሁም። ሲቲ ላይ የምትታየውን ቀጭን መስመር ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ሃሮልድ ሪድሊ በ1949 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ላይ የመጀመሪያውን ሲተክል የሐሳቡ መነሻ የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪዎች ነበሩ። የመስኮታቸው ፕላስቲክ ስብርባሪ ዓይናቸው ውስጥ ገብቶ ብዙም እንደማያስቆጣ አይቶ ነው። እኔ ይህን ታሪክ ስወደው አይጣል ነው።

እናንተ ወጣት ሬዚደንቶች ከእኛ ይልቅ ብዙ አንብባችኋል፣ ይህን አልክድም። ግን አንድ ቁራጭ ፎቶ አንስቶ በስልክ መላክ ምን የሚሉት አመል ነው? ታማሚው እኮ እዚያው ተኝቷል! እኔ ለዓመታት «መጀመሪያ ምስሉን እዩ፣ ታሪኩ እንዳያሳስታችሁ» እያልኩ አስተምሬያለሁ። አሁንም አምንበታለሁ። ዓይን ላይ ሲሆን ግን ጥያቄው ይቅደም። ኤምአርአይ ከሆነማ፣ ማሽኑ ኃይለኛ ማግኔት ነውና፣ ግዴታ ነው። በ1986 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ሪፖርት ላይ ዓይኑ ውስጥ የብረት ፍንጣሪ የነበረ ሰው ከምርመራው በኋላ አንድ ዓይኑን አጥቷል።

ደግሞ ሁሉንም በሆዱ እንዳታስተኙ። ትርፍ ጨረር ነው። ቁጥሩንና የታማሚውን ቃል ይዛችሁ አብዛኛውን ጊዜ ትጨርሳላችሁ። ራሱን የሳተ ከሆነ የበፊት ምስሉን ፈልጉ፣ ቤተሰቡን ጠይቁ። ምንም ካልተገኘ «ሲሊኮን ዘይት ሊሆን ይችላል፣ የቀዶ ሕክምና ታሪክ ይጣራ» ብላችሁ ጻፉና ለዓይን ሐኪሙ ደውሉ። እሱ በመብራቱ አይቶ ቶሎ ይነግራችኋል።