ኬሲ ስቶነር ለምን በ27 ዓመቱ አቆመ? ከወሎ ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ስለ አውስትራሊያዊው የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ ኬሲ ስቶነር ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት ከደሴ፣ ከባቲና ከሌሎችም ከተሞች ጥያቄዎች ደርሰውኛል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ በ27 ዓመት ጡረታ ምን ይባላል? ተሸንፎ ነው የወጣው?

ኧረ በፍጹም! መውጣቱን ያስታወቀው የ2011 የሞቶጂፒ (የዓለም ትልቁ የሞተር ሳይክል ውድድር) ሻምፒዮን እንደሆነ፣ በ2012 አራተኛ ውድድር ዋዜማ ነው። ለውድድሩ የነበረው ፍቅር እንደቀዘቀዘና ስፖርቱ የያዘው አቅጣጫ እንዳልተመቸው ተናገረ። ሴት ልጁም በዚያው ዓመት መጀመሪያ ተወልዳለች። ከዚያ ኢንዲያናፖሊስ ላይ ወድቆ ቁርጭምጭሚቱ ተጎዳ፤ በማግስቱ ግን ተወዳድሮ አራተኛ ወጣ። ቀዶ ሕክምና አድርጎ ሦስት ውድድሮች ካመለጡት በኋላ ተመለሰና በአገሩ ፊሊፕ አይላንድ አሸነፈ፤ እዚያ በተከታታይ ለስድስተኛ ጊዜ። ይህን ሰው ተሸናፊ ለማለት አንደበቴ አይታዘዝልኝም።

ከባቲ፦ በአፈር ላይ ያደገ ተወዳዳሪ ነው ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ የችሎታው ምንጭም ይኸው ነው። በ1985 ኩዊንስላንድ ውስጥ ተወለደ፤ በአራት ዓመቱ በአፈር ሜዳ መወዳደር ጀመረ። በዚያን ጊዜው የአገሩ ሕግ 16 ዓመት ሳይሞላ አስፋልት ላይ መወዳደር ስለማይቻል፣ 14 ሲሆነው ቤተሰቡ ይዞት እንግሊዝ ገባ። በአፈር ላይ የኋላ ጎማ ሁልጊዜ ይንሸራተታል። ልጁ መንሸራተቱን ከመፍራት ይልቅ ሞተሩን የሚያዞርበት መሪ አድርጎ ተማረው።

ከደሴ፦ ሮሲ በዱካቲ ያቃተውን እሱ እንዴት ቻለው?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ስቶነር በ2007 ከ18 ውድድሮች 10 አሸንፎ ለጣሊያኑ ሞተር ሠሪ ለዱካቲ የመጀመሪያውን የሞቶጂፒ ሻምፒዮናነት አመጣ። ያን ጊዜ የሞተሩ ጉልበትና የብሪጅስቶን ጎማ እንደረዱት መካድ አይገባም። በአራት ዓመት ግን በዚያው ሞተር 23 ጊዜ ማሸነፍ በጎማ ብቻ አይገለጽም። እሱ ወደ ሆንዳ ሲሄድ ዘጠኝ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ቫለንቲኖ ሮሲ ዱካቲውን ያዘ፤ በሁለት ዓመት አንድም ድል አላገኘም። ዱካቲ ዳግመኛ ያሸነፈው በ2016 ኦስትሪያ ላይ ነው።

እኔ የምረዳው እንዲህ ነው፦ የዚያ ሞተር የፊት ጎማ ለነጂው አስተማማኝ ስሜት አይሰጥም፤ ኩርባ ላይም አልዞር ይላል። ሌሎቹ የፊቱ ጎማ እስኪታዘዝላቸው ይጠብቃሉ። ስቶነር ግን ቀድሞ ነዳጅ ይሰጥና የኋላውን በማንሸራተት ያዞረዋል። የአፈሩ ሜዳ ትምህርት እዚህ ላይ ነው ዋጋ ያወጣው። በ2011 ወደ ሆንዳ ተሻግሮ እንደገና 10 ሲያሸንፍ፣ ሻምፒዮናነቱንም በልደቱ ቀን ሲያረጋግጥ፣ «ሞተሩ ነው እንጂ እሱ አይደለም» ይሉ የነበሩ ሁሉ መልሳቸውን አገኙ።

ከሐይቅ፦ ከሮሲ ጋር የተጣሉት በምንድን ነው?

በ2011 ጄሬዝ ላይ በዝናብ ሮሲ ወድቆ እሱንም ጣለው። ሮሲ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲመጣ ስቶነር «ምኞትህ ከችሎታህ በልጧል» አለው።

ከከሚሴ፦ ታሞ ነበር ይባላል።

አዎ። በ2009 ኃይለኛ ድካም ይዞት ሦስት ውድድሮች አልፈውታል፤ ያኔ ብዙዎች ፈራ ብለው አሙት። ከጡረታ በኋላም ሥር የሰደደ የድካም ሕመም እንዳለበት ራሱ ተናግሯል። እነዚያ ሐሜተኞች ዛሬም ያሳዝኑኛል።

ከኮምቦልቻ፣ ሞተረኛ፦ የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ እንደ እሱ የኋላውን ማንሸራተት ልለማመድ?

ተው ወንድሜ! እሱ ይሮጥበት በነበረው መንገድ ላይ ከፊት የሚመጣ አይሱዙ የለም፤ ከዳር የወደቀውን የሚያቆም የጠጠር ሜዳ አለ፤ ሐኪምም ቆሞ ይጠብቃል። በሐረጎ ጉም አለ፤ ገደል አለ። ከስቶነር መውሰድ ካማረህ ዓይኑን ውሰድ፦ ከጎማህ ፊት ያለውን ሳይሆን የኩርባውን መውጫ ተመልከት። ፍሬንህን ሞተሩ ቀጥ እንዳለ፣ ከኩርባው በፊት ያዝ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለህ በዜሮ ማርሽ አትውረድ፤ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝህ በዝቅተኛ ማርሽ ውረድ። ከኋላህ ለምታስቀምጠው ሰውም ሄልሜት ያዝለት።