የኬኔዲው ጥይት ተለውጧል ወይ? (መልስ)

በአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲ ግድያ ምርመራ «ማስረጃ ቁጥር 399» የተባለው ጥይት በሌላ ጥይት መለወጡ ተረጋግጧል ወይ ላሉት፦ አልተረጋገጠም፤ ያለው የርክክብ ክፍተት ነው፤ ክፍተቱም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1963 ኬኔዲ በተወሰደበት በዳላስ ከተማ ፓርክላንድ ሆስፒታል ቃሬዛ አጠገብ ጥይቱን ያገኘው ሠራተኛም ሆነ ተቀብለው ያስተላለፉት የሴክሬት ሰርቪስ (የፕሬዚዳንቱ ጥበቃ) ሰዎች፣ በ1964 ሲጠየቁ ያው ጥይት መሆኑን በእርግጠኝነት ሊለዩ አልቻሉም።

የጠመንጃ አፈሙዝ በጥይቱ ላይ የተዋቸው ጭረቶች የተጠርጣሪው የኦስዋልድ ነው ከተባለው የካርካኖ ጠመንጃ ጋር መግጠማቸው ከዚያ መሣሪያ መተኮሱን ያሳያል እንጂ ወደ ቃሬዛው እንዴት እንደ ደረሰ አይናገርም፤ ስለዚህ ሁለቱን ጥያቄዎች ለያይተው ይያዙ።

እንዲህ ያሉ ክርክሮችን ስከታተል የታዘብኩት፣ ጥይቱ «ምንም አልተጎዳም» የሚሉት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከጎን የተነሣውን ፎቶ ብቻ ማየታቸውን ነው፤ ከግርጌው በኩል ሲታይ ጥይቱ በግልጽ ተጨፍልቋል። የተነሣበትን አቅጣጫ ሳያጣሩ በአንድ ፎቶ አይፍረዱ።