ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር አጫጭር ፐልሶች (የብርሃን ብልጭታዎች)፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ጥያቄ፦ እንጨትና አክሪሊክ የሚቀርጸው የሱቅ ማሽንም ፐልስ ይሰጣል። ከቤተ ሙከራው ሌዘር በምን ይለያል?

መልስ፦ የሱቁ ማሽን ኤሌክትሪኩ እየበራ እየጠፋ ነው የሚሠራው። ፐልሱ ቢያጥር ቢያጥር በአስርና በመቶ ማይክሮሰከንዶች (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) ይቆጠራል። ጨረሩ ግን ያው ነው፤ ዓይን የማያየው 10.6 ማይክሮሜትር።

ጥያቄ፦ ታዲያ እንዴት ያሳጥሩታል?

መልስ፦ ትልቁ እርምጃ የመጣው ከካናዳ ነው። በ1970 ዣክ ቦሊዩ ኤሌክትሪኩን ጋዙን ከያዘው ቱቦ ጫፍ እስከ ጫፍ ሳይሆን በጎን፣ በአጭሩ አሳለፈው። በዚህ መንገድ ጋዙን በከባቢ አየር ግፊት ማሠራት ተቻለ። የሚወጣው ወደ 100 ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ገደማ የሆነ ሹል ፐልስ ነው፤ ከኋላው ግን ረጅም ጅራት ይጎትታል። የጅራቱ ጥፋት ከጋዙ ጋር የተቀላቀለው የናይትሮጅን ነው፤ የያዘውን ጉልበት ቀስ እያለ ስለሚያቀብል። ናይትሮጅኑን ብትቀንሱት ጅራቱ ያጥራል፣ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ፒኮሰከንድ (የሰከንድ ትሪሊዮንኛ) ላይ ለመድረስ ምን ያስቸግራል?

መልስ፦ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። አጭር ፐልስ ሰፊ የፍሪኩዌንሲ ክልል ይፈልጋል። ይህ ጋዝ ግን ብርሃን የሚያጎላው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በተራራቁ ቀጫጭን መስመሮች ላይ ብቻ ነው። በ1 ከባቢ አየር ግፊት የአንዱ መስመር ስፋት 4 ጊጋኸርዝ ገደማ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ደግሞ ከ40 እስከ 55 ነው። ስለዚህ ናኖሰከንድ አካባቢ ላይ ትቆማላችሁ። ግፊቱ ሲጨምር ሞለኪውሎቹ ቶሎ ቶሎ ይጋጫሉ፣ መስመሮቹም ይሰፋሉ። 10 ከባቢ አየር አካባቢ ይገናኛሉ። ኦክስጅን-18 (ከተለመደው የከበደ ኦክስጅን) ያለበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ መቀላቀልም ክፍተቱን ይሞላል፤ አሜሪካ ያለው የብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ ይህን ዘዴ ይጠቀማል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሁሉም ብልጡ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ መነሻው አጭር ፐልስስ?

መልስ፦ ከረጅሙ ይቆረጣል። ጀርማኒየም በተባለ ከፊል አስተላላፊ ላይ የሌላ ሌዘር አጭር ፐልስ ሲያርፍ ለቅጽበት መስታወት ይሆናል፤ ያን ቅጽበት ብቻ አንጸባርቆ ብርሃኑን ለሚያጎላው ጋዝ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ ጥቅሙስ?

መልስ፦ የዘመኑን ምጡቅ የኮምፒውተር ቺፖች ለመሥራት። የናኖሰከንድ ፐልሶች በሰከንድ 50,000 ያህል የቆርቆሮ ጠብታዎችን እየመቱ 13.5 ናኖሜትር ብርሃን ያወጣሉ፤ ቺፖቹ የሚታተሙት በዚያ ብርሃን ነው።

ጥያቄ፦ ቤቴ ልሥራው?

መልስ፦ ኧረ ተው ወንድሜ! ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር ማሽኑ ከጠፋ በኋላም በአስር ሺዎች ቮልት ሊይዝ ይችላል። ጨረሩ ደግሞ የዓይንን ፊት ያቃጥላል፣ የሚታይ ነገር ስለሌለው ዓይንህን እንኳ አትጨፍንም።