«ለፍልሰታ ገዳም ልግባላት ወይ?» ብሎ ለጠየቀኝ ወጣትና ለእኩዮቹ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አንድ ወጣት በር ላይ ጠብቆ፣ «ጋሼ፣ ባለቤቴ ለጡት ካንሰር ኬሞ ጀምራለች፤ ለፍልሰታ ገዳም ገብቼ ሱባኤ ልያዝላት አስቤያለሁ፤ ምን ይላሉ?» አለኝ። «እስቲ ላስብበት» ብዬው ሄድኩ። ይህንኑ ጥያቄ ከሃያ ዓመት በፊት ማንንም ሳላማክር ለራሴ መልሼው ስለነበር፣ ለእሱም በእሱ ዕድሜ ላላችሁትም በጽሑፍ መመለስን መረጥኩ።

ሠላሳ ሁለት ዓመት የመንገድ መሐንዲስ ሆኜ ሠርቻለሁ። የእኛ ሥራ ከቤት መራቅ ነው፤ ትልልቆቹ ልጆቼ ሲወለዱ እንኳ አንዱን ጊዜ ጎሬ፣ ሌላውን ጊዜ ጎዴ ነበርኩ። በ1995 ዓ.ም. ክረምት ባለቤቴ ጡቷን ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት በኋላ ሐኪሙ በየሃያ አንድ ቀኑ የሚሰጥ ኬሞ አዘዘላት፤ የመጀመሪያውንም ሐምሌ 27 ቀን ወሰደች። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ደማቅ ቀይ ነበር። ሽንቷን ሳይቀር ስላቀላው ደም መስሏት በድንጋጤ ጠራችኝ፤ ነርሷ አስቀድማ ነግራን የነበረውን እኔም ረስቼው ኖሮ አብሬያት ደነገጥኩ። ሦስት ሌሊት ሙሉ አስመለሳት። በሥራዬ ናዳ መኪና ጠርጎ ሲወስድ አይቻለሁ፤ እጄ የተንቀጠቀጠው ግን ያን ባልዲ ይዤ አጠገቧ በተቀመጥኩበት ሌሊት ነው።

ሐምሌ 30 ቀን ደብረ ሊባኖስ ወረድኩ። ስሌቱንም በሙያዬ ሠራሁት፤ ፍልሰታ ነሐሴ 16 ይፈታል፣ ሁለተኛው ዙር ነሐሴ 18 ነው፣ ስለዚህ ለሕክምናው ቀን እደርሳለሁ አልኩ። ያላሰላሁት በሁለቱ ዙሮች መካከል ያለውን ጊዜ ነው። ኬሞ ካንሰሩን ብቻ ሳይሆን መቅኒ ውስጥ የሚፈጠሩትን የደም ሕዋሳት ጭምር ስለሚመታ፣ የሰውነት መከላከያ አብዛኛውን ጊዜ እጅግ የሚወርደው መድኃኒቱ በተሰጠ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ነው። እኔ በዚያ ሳምንት ሌሊቱን ሰዓታት ቆሜ አድር ነበር።

ነሐሴ 7 ሌሊት ትኩሳት ያዛት። የዘጠኝ ዓመቱ ልጃችን በዝናብ ሮጦ ሙስሊም ጎረቤታችንን ቀሰቀሰ፤ እሷም ታክሲ ለምና ሆስፒታል አደረሰቻት፤ ስድስት ቀን ተኝታ በደም ሥር አንቲባዮቲክ ተሰጣት። ከተመለሰች በኋላ ፀጉሯ እየተነቀለ ትራስ ላይ ሲቀር የላጨቻትም ይህችው ጎረቤታችን ናት። ስልክ እንደ ዛሬው በየኪሱ አልነበረምና ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልሰማሁም። ነሐሴ 16 ማታ ጸበል የሞላ ጀሪካን ተሸክሜ፣ በጾም ከስቼ፣ ትልቅ ሥራ እንደ ሠራ ሰው ገባሁ። ራሷን በነጠላ አስራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። የሆነውን ሁሉ ከነገረችኝ በኋላ፣ ሳትቆጣ፣ «ጸሎትህስ ደርሶልኛል፤ ያልደረስከው አንተ ነህ» አለችኝ።

ለብዙ ዓመት ይህን ለሰው ሳወራ «ልጸልይላት ሄጄ ነው» እል ነበር። እውነቱ ግን ባልዲውን ሸሽቼ ነው፤ ከቤት መውጣት የለመደ ሰው ገዳሙንም ፊልድ አደረገው። ጌታችን በጌቴሴማኒ ደቀ መዛሙርቱን የጠየቃቸው አንዲት ሰዓት አብረውት እንዲተጉ ብቻ ነበር። ሆኖም አልዋሻችሁም፤ በሕይወቴ ከልቤ የጸለይኩት በዚያ ሱባኤ ነው፤ ያዳናት አንቲባዮቲኩ ብቻ ነው የሚለኝ ሰው ቢመጣም አልቀበለውም። ሁለቱን እንዴት እንደማስታርቃቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።

በቀሩት ዙሮች ሌሊት ሌሊት ዳዊት አነብላት ነበር። ሲያስመልሳት አቆማለሁ፣ ባልዲውን ደፍቼ እመለሳለሁ፣ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። አንድ ሌሊት ደክሞኝ ከምትወደው ከ90ኛው መዝሙር አንድ መስመር ዘለልኩ፤ ዓይኗን ሳትገልጥ «ዘለልክ» አለችኝ።

አብስሉላት፣ አጽናኗት የሚለውን አልጽፍም፤ ታውቁታላችሁ። ነገር ግን ቴርሞሜትር ግዙ፤ ትኩሳቷ 38 ከደረሰ ሊነጋ ነው፣ ቅዳሴው ሊያልቅ ነው ብላችሁ አትጠብቁ። ካልጾምኩ ካለች ለንስሐ አባቷ ንገሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ጹም ብላ አታስገድድም። ጸበል ወይስ መድኃኒት የሚለው ክርክር ያደክመኛል፤ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው ብለዋል፤ ነቢዩ ኢሳይያስም ለሕዝቅያስ ጸሎትህ ተሰምቷል ካለው በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲለበጥ አዟል። መከላከያዋ በወረደ ሰሞን ግን ጸበሉንም ቢሆን ሐኪሟን ሳትጠይቁ አታጠጧት።

ከዘመናችሁ የማይገባኝ፣ የታመመች ሚስትን የተላጨ ራስ ፎቶ አንስቶ «ጸልዩልን» ብሎ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ነው። ሺህ ሰው «አሜን» ብሎ ይጽፋል፤ ባልየው ያንን ሲቆጥር ያመሻል። ይሁንና እናንተ ቢያንስ ከቤት አልወጣችሁም፤ ለመፍረድ እኔ አልመችም።

ባለቤቴ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖረች። ከተለየችኝ ወዲህ ፍልሰታን የማሳልፈው ደብረ ሊባኖስ ነው፤ ቤት የሚጠብቀኝ የለም። አንተ ልጄ፣ የባለቤትህን የክርስትና ስም ጽፈህ ስጠኝ፤ የዘንድሮውን ሱባኤ እኔ እይዝላታለሁ፤ አንተ ቤትህ ቆይ።