ዝላዩን ተይው፣ ጀሪካኑን አንሺ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከርመዋል? የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ 8 ወር ሆኖኛል፤ ጡት አጠባለሁ። ሕፃኗ በ80 ቀኗ ክርስትና የተነሣች ዕለት የባለቤቴ እህት ሆዴን አይታ «ሦስተኛው መጣ እንዴ?» ብላ በሰው ፊት ሳቀችብኝ። ባለቤቴ ማዘኔን ሲያይ የጂም ከፈለልኝ። እስካሁን ግን ከመጨነቅ በቀር ያገኘሁት ነገር የለም። አሠልጣኟ በየሳምንቱ ሚዛን ላይ ታወጣኛለች፤ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆችን ሳይም ሳልመዘን አላልፍም። ምሳ መብላት ትቻለሁ። ለመጻፍ ያሳፍረኛል እንጂ ስንዘል ሽንቴ ያመልጠኛል። ለአሠልጣኟ ብነግራት «ይለመዳል» አለችኝ። ልተወው ወይስ ልቀጥል?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከጀሞ

መልስ፦ ልጄ፣ ዝላዩን ከነገ ጀምሮ ተይው። ሌላውን ቀስ ብለን እንነጋገርበታለን፤ ይህ ግን ቀጠሮ አይሰጠውም።

ዕድሜዬን ሙሉ ሰውነት ማጎልመሻ ያስተማርኩ ሰው ነኝና «ይለመዳል» የሚለው መልስ አበሳጭቶኛል። ሽንት ማምለጥ ከወሊድ በኋላ ብዙ ሴቶችን የሚያጋጥም ነው፤ ብዙዎችን አጋጠመ ማለት ግን ችለሽው ኑሪ ማለት አይደለም። ፊኛን፣ ማሕፀንንና ፊንጢጣን ከሥር ደግፎ የሚይዝ ጡንቻ አለ። በእርግዝናና በምጥ ይለጠጣል፣ ይላላል። እየዘለልሽበት መቼ ይጠነክራል? የሚጠነክረው ለብቻው ለይተሽ ስታሠሪው ነው። ሽንትና ከታች የሚወጣ አየር እንደምትይዢ ሆነሽ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሰብስቢው፤ ጥቂት ሰከንድ ያዢው፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ልቀቂው። መልቀቁም የሥራው ግማሽ ነው። ትንፋሽሽን አትያዢ፣ መቀመጫሽንም አታጥብቂ። ይህንን 8 ጊዜ እየደጋገምሽ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ቢያንስ ለሦስት ወር። ሽንትሽን እየሸናሽ እያቋረጥሽ ግን አትለማመጂው። ሕፃኗን እያጠባሽ ብትሠሪው ማንም አያውቅብሽም። በሦስት ወር ካልተሻለሽ የማሕፀን ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ከታች የሚከብድ ወይም የሚወጣ ነገር ከተሰማሽ ደግሞ ሦስት ወርም አትጠብቂ።

ሆድሽንም እንይ። በጀርባሽ ተኝተሽ ራስሽን ቀና ስታደርጊ እምብርትሽ ዙሪያ መሃል ለመሃል እንደ ሸንተረር የሚነሣ ነገር አለ? በእርግዝና ጊዜ የሆድ ጡንቻ ለልጁ ቦታ ሲለቅ ግራና ቀኙ ይራራቃል፤ አንዳንዷ ላይ ቶሎ አይገጥምም። እንዲህ ከሆነ ተኝቶ መነሣት የሚሉትን ስፖርት ለጊዜው አቁሚው፤ ከአልጋም ስትነሺ በጎንሽ ዞረሽ፣ በእጅሽ ተደግፈሽ ይሁን። የባለቤትሽ እህት የሳቀችበት ሆድ እንግዲህ ስብ ላይሆንም ይችላል። በእኛ ጊዜ አራስ ጥየቃ ተሂዶ «አምሮብሻል፣ ወፍረሻል» ማለት ምርቃት ነበር፤ የሚያስለቅሰው «ከሳሽ» መባል ነበር። አሁን ተገልብጦ መጣ። በየዘመኑ ለሚቀያየር ወሬ ሰውነት ማስተካከል የት ይቻላል?

ጂሙን አትተይ፤ ተከፍሎበታል። ሚዛኑን ግን ተይው። አሠልጣኟንም «ክብደት አነሣሥ አሳዪኝ» በያት። ከ30 ዓመት በኋላ ጡንቻ ካልሠራ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ይህን ደግሞ የመንገድ ዳር ሚዛን አይነግርሽም፤ እንዲያውም «ቀነስሽ» ብሎ ያስደስትሽ ይሆናል። እኔ የምሰጥሽ መለኪያ ሌላ ነው። ውኃ በፈረቃ ሲመጣ የ20 ሊትሩ ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል። እሱን ይዘሽ ደረጃ ስትወጪ ስንት ቦታ ታርፊያለሽ? ዛሬ በሁለት ባለ 5 ሊትር ጀምሪ። እግርሽ አጠገብ አስጠጊያቸው፣ ከጉልበትሽና ከዳሌሽ እጠፊ እንጂ ወገብሽን አታጉብጪ፣ ስትነሺ ትንፋሽሽን አውጪ። ሽንትሽ ካመለጠሽ ክብደቱን ቀንሺ። እቤት ደግሞ በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ እጅሽን ሳትደገፊ ተነሺ፤ ሲቀልሽ ሕፃኗን ታቅፈሽ። ልጅ ያሳደገች ሴት ይህ ጉልበት ምን እንደሚጠቅም አይነገራትም።

ምሳሽን ብዪ። የምታጠባ ሴት ተርባ ክብደት ስታነሣ ጉልበቱ ከየት ይመጣል? መጠነኛ እንቅስቃሴ ወተት አይቀንስም፤ ራስን ማስራብ ግን አቅም ያሳጣል።

«ከመጨነቅ በቀር ያገኘሁት ነገር የለም» ላልሽው ደግሞ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። ጂም ውስጥ ይሁን አላለም። ትልቁ ልጅሽን እጁን ይዘሽ እየፈጠንሽ ተራመጂ። ማታ ሬዲዮ ከፍተሽ እስክስታ ምቺ፤ ላብ እስኪያሰጥም ድረስ ከመታሽው ከደቂቃው ይቆጠርልሻል። ሱዚው ይቆይሽ። ስትጠነክሪ ደግሞ ቅድሚያ ለሴቶች የሚባለው የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለ፤ እየሮጠች የምትጨርስ አለች፣ እየጨፈረች የምትጨርስም አለች። አትሌት ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ወርቅ አጥልቃ፣ ልጅ ወልዳ ተመልሳ፣ በ1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ ሁለተኛውን ስትደግም የወገቧን ስፋት የጠየቀ ሰው አልሰማሁም።

አንድ ነገር ግን ሳትጽፊልኝ ቀርተሻል። ባለቤትሽ እንደከፈለልሽ ነገርሽኝ፤ አንቺ ስትሄጂ ልጆቹን ማን እንደሚይዝ ግን የለበትም። እናትሽ ከሆኑ ወይም ጎረቤት ከሆነች፣ እሱ ቤት ባለበት በቅዳሜ ጠዋት እሱ ይያዝ። ዛሬ ማታ ንገሪው።