ከስምምነት መውጣት ከተጠያቂነት ያድናልን?

ጥያቄ፦ መንግሥታት ከዓለም አቀፍ ስምምነቶችና ድርጅቶች «ወጥተናል» ሲሉ በዜና እንሰማለን። አንድ አገር ፈርሞ ካጸደቀው ስምምነት በፈለገ ጊዜ መውጣት ይችላል? ከወጣስ፣ አባል ሳለ ለተፈጸመ ወንጀል ጠያቂ አይኖረውም ማለት ነው?
አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ መውጣትስ ይችላል፤ የሚወጣው ግን ስምምነቱ በደነገገው ሥርዓት ነው። ዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመው የሮም ስምምነት በ127ኛው አንቀጹ እንደሚለው፣ ለመውጣት የወሰነ መንግሥት ውሳኔውን ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ መውጣቱ የሚጸናውም ማስታወቂያው በደረሰ በዓመቱ ነው። እስከዚያ ድረስ አገሩ ሙሉ አባል ነው፤ አባል ሳለ የገባው ግዴታም፣ ያልከፈለው መዋጮ ሳይቀር፣ ስለወጣ አይሰረዝለትም።

ለዚህ የፊሊፒንስን ጉዳይ ያህል ግልጽ ማስረጃ አላገኘሁም። የፕሬዚዳንት ሮድሪጎ ዱቴርቴ መንግሥት በአደንዛዥ ዕፅ ላይ በከፈተው ዘመቻ፣ ፖሊስ ራሱ ባመነው ቁጥር እንኳ፣ ከ6,000 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። የፍርድ ቤቱ ዐቃቤ ሕግ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2018 ቅድመ ማጣራት መጀመራቸውን ሲያስታውቁ፣ ፊሊፒንስ በቀጣዩ ወር የመውጫ ማስታወቂያዋን አስገባች፤ ማርች 17 ቀን 2019ም ከአባልነት ወጣች። ዳኞቹ በ2021 ምርመራውን ሲፈቅዱ ግን እስከ ማርች 16 ቀን 2019፣ ማለትም እስከ መጨረሻዋ የአባልነት ቀን ድረስ የተፈጸመውን አካተቱ። ዱቴርቴ በማርች 2025 ከሆንግ ኮንግ ሲመለሱ ማኒላ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተይዘው በማግስቱ ፍርድ ቤቱ ወዳለበት ከተማ ሄግ ደረሱ። ጠበቆቻቸው ምርመራው የተፈቀደው አገሪቱ ከወጣች በኋላ ስለሆነ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም ብለው ተከራክረዋል። ይህ ክርክር አያሳምነኝም፤ ምክንያቱም ተቀባይነት ቢያገኝ ምርመራ የሸተተው መንግሥት ሁሉ ደብዳቤ ጽፎ ያመልጥ ነበር።

ብሩንዲም ኦክቶበር 27 ቀን 2017 ከዚሁ ፍርድ ቤት አባልነት ስትወጣ፣ ዳኞቹ በእሷ ጉዳይ ምርመራ ከፈቀዱ ገና ሁለት ቀናቸው ነበር፤ ስለዚህ የዱቴርቴ ጠበቆች ያነሡት ክርክር ለእሷ እንኳ አይሠራም።

ይሁን እንጂ መውጣት ያለፈውን ባይሰርዝም የወደፊቱን ይዘጋል፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው። በዚያው ዘመቻ ከማርች 17 ቀን 2019 ወዲህ ልጃቸውን ያጡ የማኒላ እናቶች፣ መንግሥታቸው የፍርድ ቤቱን ሥልጣን ዳግም ካልተቀበለ ወይም የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ጉዳዩን ለፍርድ ቤቱ ካልመራው በስተቀር፣ አቤት የሚሉት ለገዛ አገራቸው ፍርድ ቤቶች ብቻ ነው።